«ያነጣጠረ» ወይስ «ዒላማ ያደረገ»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የጤና መጽሔት አርታኢ ነኝ። የካንሰር መድኃኒት ስለሚሸከሙ፣ ከፖሊመር (ከረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች) ስለተሠሩ ናኖ ቅንጣቶች፣ ማለትም በዓይን ስለማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ብናኞች፣ ስንጽፍ አንዱ ባልደረባዬ «ካንሰርን ዒላማ ያደረገ»፣ ሌላው «በካንሰር ላይ ያነጣጠረ» ይላል። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ በሰዋስው በኩል ሁለቱም ደህና ናቸው። «ዒላማ አደረገ» ተሳቢ ስለሚፈልግ «ካንሰርን» ይላል፤ «አነጣጠረ» ደግሞ «ላይ»ን ወይም «ወደ»ን ይዞ ይመጣል። «ካንሰርን ያነጣጠረ» የሚል ካጋጠመዎት ግን ያርሙት።

እኔን የሚያሳስበኝ የግሱ እውነትነት ነው። ማነጣጠር የሚያይና የሚመርጥ ሰው ሥራ ነው፤ ቅንጣቱ አያይም፣ አይመርጥም። እ.ኤ.አ. በ2007 ደቡብ ኮሪያ የፈቀደችውን ጄኔክሶል ፒኤም የተባለ እንዲህ ያለ የካንሰር መድኃኒት እንመልከት። በውስጡ ያለው ፓክሊታክስል የተባለው ፀረ ካንሰር መድኃኒት በውኃ በቀላሉ ስለማይሟሟ፣ ውስጡ ውኃን በሚሸሽ፣ ውጩ ውኃን በሚወድ ፖሊመር ተጠቅልሎ በደም ሥር ይሰጣል። ዕጢውን ለይቶ የሚይዝበት ነገር በላዩ የለም። በችኮላ ያደገ ዕጢ የደም ሥሮቹ ግድግዳ ክፍተት ይበዛበታል፤ ቅንጣቱ በዚያ ሾልኮ ይገባል። ፈሳሽ የሚያስወግደው የሊምፍ መስመርም ደካማ ስለሆነ እዚያው ይቀራል። ማትሱሙራና ማኤዳ የተባሉት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ1986 ገልጸውታል። እንግዲህ ትክክለኛዎቹ ግሶች «ሾልኮ ገባ» እና «ተከማቸ» ናቸው።

በላዩ ላይ ፀረ እንግዳ አካል የተተከለበት፣ የካንሰርን ሕዋስ ለይቶ የሚይዝ ዓይነትም አለ። ለእርሱ እንኳ «የሚጣበቅ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ሕዋሱ አጠገብ የሚያደርሰው የደም ዝውውር ነውና።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለ ታማሚው ብዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ግምገማ የዐሥር ዓመት የእንስሳት ሙከራዎችን ሲመረምር፣ ከተሰጠው ናኖ ቅንጣት ዕጢው ጋ የደረሰው መካከለኛ መጠን 0.7 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ብዙውን ጉበትና ጣፊያ ያስቀሩታል። «ያነጣጠረ» የሚል ያነበበ ታማሚ ግን ሌላው አካሌ አይነካም ብሎ ያምናል፤ ሐኪሙ ስለ ጎንዮሽ ጉዳት ሲነግረውም የተታለለ ይመስለዋል። ያንን እምነት የሰጠነው እኛ ጸሐፊዎች ነን።

ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ «በካንሰር ዕጢ ውስጥ የሚከማች ናኖ ቅንጣት» ይበሉ። ለርዕስ አጭር ካስፈለገዎት «ዕጢ ውስጥ የሚከማች መድኃኒት» ይበቃል።