የኋላ ጎማ ሲነጥር፦ የድሮ ፈጣን መኪና ላላችሁ ጥያቄና መልስ

የድሮ ፈጣን መኪና ነድታችሁ፣ ከቆመበት አስነስታችሁ ስትረግጡት ከኋላ «ዷ ዷ ዷ» ብሎ የሚመታ ነገር አጋጥሟችሁ ከሆነ የዛሬው ጨዋታ የእናንተ ነው። የመጡትን ጥያቄዎች አሳጥሬ አቅርቤያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ የኔ መኪና ነዳጅ ስረግጥ ከኋላ ይዘላል። ጎማዬ ባላንስ ስላልተደረገ ይሆን?

አይደለም ወንድሜ። የባላንስ ችግር በፍጥነት ስትሄድ ነው የሚሰማህ። ያንተ ስትነሳ ነው የሚመጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎማው አስፋልቱን ቆንጥጦ ሲይዝ፣ አክሰሉ (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት) ራሱ ወደ ኋላ መጠምዘዝ ይጀምራል። የዲፈረንሻሉ (መሃሉ ላይ ያለው፣ ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ባለ ጥርስ ክፍል) አፍንጫ፣ ማለትም የፊት ጫፉ፣ ወደ ላይ ይነሳል። ባሌስትራው (አክሰሉን የሚሸከመው የብረት ቅጠል ስፕሪንግ) ይጣመማል፣ ጎሚኒዎቹም (መገጣጠሚያዎቹ ላይ ያሉት ላስቲኮች) ይጨመቃሉ። ሁሉም ጉልበት ያጠራቅማሉ። ጎማው መያዝ ሲያቅተው ይንሸራተትና ያ የተጠራቀመ ጉልበት በአንዴ ይለቀቃል። አክሰሉ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጎማው እንደገና ይይዛል፣ እንደገና ይጣመማል። ይህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል።

እባክህ መንጠር ሲጀምር እግርህን ከነዳጁ አንሳ። «ትንሽ ልታገሰውና ያልፋል» አትበል። በእያንዳንዱ ምት ክሮቼራው (የማዞሪያው ዘንግ መገጣጠሚያ)፣ ሴሚያሱ (ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ) እና የዲፈረንሻሉ ጥርሶች በመዶሻ እንደመመታት ነው። ዲፈረንሻል የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ጎማው ሲንሸራተት ሳይሆን ተንሸራትቶ መልሶ ሲይዝ ነው።

የ1967 ካማሮ አለኝ። ሾክ አብዞርበሩን በአዲስ ቀየርኩት፣ ግን ምንም ለውጥ የለም። ምን ቀረኝ?

ያንተ መኪና በዚህ ችግር የታወቀ ነው። የዚያ ዓመት ካማሮ የኋላ ባሌስትራው አንድ ቅጠል ብቻ ነው። ሁለቱም ሾክ አብዞርበሮች ደግሞ ከአክሰሉ ፊት ለፊት ናቸው የታሰሩት። አክሰሉ ሲጠማዘዝ ሁለቱ በአንድ ጎን ስለሆኑ በደንብ አይገቱትም። ፋብሪካው ራሱ ይህን አይቶ በ1968 አንዱን ሾክ ከአክሰሉ ፊት፣ ሌላውን ከኋላ አደረገው። ጉልበተኛ ሞተር ላላቸውም ባለ ብዙ ቅጠል ባሌስትራ ሰጠ። ስለዚህ አዲስ ሾክ በድሮው ቦታ ብታስር ለውጥ አለማየትህ አይግረምህ።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የባሌስትራውን የፊት ጆሮ (ከቦዲው ጋር የሚታሰርበትን የፊት ቀለበት) ጎሚኒ አያለሁ። የሚገፋው ኃይል በሙሉ ወደ ቦዲው የሚተላለፈው በሱ በኩል ነው። ቀጥሎ ባለ ብዙ ቅጠል ባሌስትራ አስገባለሁ። ካልበቃ፣ ከአክሰሉ ሥር ተነስቶ እስከ ባሌስትራው የፊት ጆሮ የሚደርስ የመጎተቻ ዘንግ ይታሰራል። ጫፉ ላይ ያለው ላስቲክ የሚያርፈው ልክ ከጆሮው ሥር መሆን አለበት። ዘንጉ አጥሮ ላስቲኩ ቅጠሉን መሃል ላይ የሚገፋው ከሆነ፣ ባሌስትራውን ራሱን ያጣምመዋል እንጂ አይጠቅምህም።

ክራይስለሮች ሌላ መንገድ ነበራቸው። የባሌስትራውን የፊት ክፍል አጭርና ጠንካራ አደረጉት፣ ከዲፈረንሻሉ አፍንጫ በላይ ደግሞ መግቻ ላስቲክ አስቀመጡ። ቀላልና ርካሽ ብልሃት ነው፣ በጣም ነው የምወደው።

አንድ ነገር ልጨምር። መኪናውን ወደ መሬት ዝቅ ለማድረግ በአክሰሉና በባሌስትራው መሃል ብሎክ አስገብተህ ከሆነ፣ ለመጠምዘዝ የበለጠ ጉልበት ሰጥተኸዋል ማለት ነው። አውጣው።

የኔ የ1980ዎቹ ሙስታንግ ነው፣ ከኋላ በባሌስትራ ፈንታ ሞላ (ጥቅል ስፕሪንግ) ነው ያለው። ሁሉንም ጎሚኒ በፖሊዩሬቴን (ከጎማ የጠነከረ ፕላስቲክ) ልቀይረው አሰብኩ። ትክክል ነኝ?

ግማሹን ትክክል ነህ። አክሰሉን ከቦዲው ጋር ከሚያገናኙት ክንዶች የታችኞቹን ሁለት ጎሚኒ ቀይር፣ ጥሩ ነው። የላይኞቹን ግን ተጠንቀቅ። የላይኞቹ ክንዶች በሰያፍ ነው የተቀመጡት። መኪናው ሲያዘነብል እየተጣመሙ መሥራት አለባቸው። ለዚህ ነው ፋብሪካው ላላ ያለ ጎሚኒ የሰጣቸው። እዚያ ጠንካራ ነገር ካስገባህ፣ ኩርባ ላይ አክሰሉ እንደልብ መንቀሳቀስ ያቅተውና የኋላው ሳታስበው ያመልጥሃል። የላይኞቹን በአዲስ፣ ደህና በሆነ ጎማ ጎሚኒ ቀይር። ከ80ዎቹ አጋማሽ በኋላ በተሠሩት ጂቲ በሚባሉት ጉልበተኛ ሙስታንጎች ላይ፣ በአክሰሉ ጎንና ጎን ተኝተው የታሰሩ ሁለት ተጨማሪ ትንንሽ ሾኮች አሉ። እነሱ የተሠሩት ለዚሁ ለመንጠሩ ነው። ዘይት ካፈሰሱ አሉ አይባልም።

የጎማ ነፋስ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ግራና ቀኙ እኩል ይሁን፣ ከዚያ ሁለት ሁለት ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) እየቀያየርክ ሞክር። ግን በነፋስ ብቻ የጠፋ መንጠር ተደበቀ እንጂ አልተፈታም።

የዲፈረንሻል አፍንጫ ወደ ታች ይዘንበል ይላሉ። ስንት ዲግሪ?

ስትረግጥ አፍንጫው ስለሚነሳ፣ ቀድሞ ዝቅ ብሎ መጠበቅ አለበት። ሲነሳ ከካምቢዮው (ማርሽ ሳጥኑ) መውጫ ጋር ወደ ትይዩ ይጠጋል። ለመንገድ መኪና ባሌስትራ ካለህ 2 ወይም 3 ዲግሪ ጥሩ መነሻ ነው። የሚለካው ግን የመኪናው ክብደት ጎማው ላይ እያለ ነው። በክሪክ አንስተህ አክሰሉ ተንጠልጥሎ ከለካህ ቁጥሩ ውሸት ነው።

የኔ የ2003 ሙስታንግ ኮብራ ነው፣ የኋላው እግር ለየብቻ የሚሠራ። እሱም ይነጥራል። ባሌስትራ የለውም እኮ!

ባሌስትራ ባይኖረውም የሚለጠጥ ነገር ሞልቶታል። መላው የኋላ ክፍል የታሰረው በለስላሳ ጎሚኒዎች ነው፣ ሴሚያሶቹም ራሳቸው ይጠማዘዛሉ። ከዲፈረንሻሉና ከተሸከመው ፍሬም ጎሚኒዎች ጀምር። የ2009 ካዲላክ ሲቲኤስ ቪ ላይ መሐንዲሶቹ የግራና የቀኙን ሴሚያስ ውፍረት አለያዩት። ሁለቱ በአንድ ምት አብረው እንዳይወዛወዙ ነው። ይህን ሳነብ በጣም ነው የገረመኝ።

ጋሼ፣ ተማሪ ነኝ። ለአንድ ዕቃ የሚሆን ገንዘብ ብቻ ነው ያለኝ። ምን ልግዛ?

እህቴ፣ ገና ምንም አትግዢ። እኔ አንድ ጊዜ ገንዘቤን አውጥቼ የመጎተቻ ዘንግ ካሳሰርኩ በኋላ ነው ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር የሚያስረው ቡሎን ላልቶ ያገኘሁት። ለዓመታት ሲነጥርብኝ የኖረው በዚያ ነበር።

መኪናውን አንሺና በጠንካራ ድጋፍ ላይ አሳርፊው። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ፈጽሞ አትግቢ። ሁሉንም ዳዶ በቁልፍ ፈትሺ። ከዚያ ብረት ሰክተሽ እያንዳንዱን ጎሚኒ ገፋ ገፋ አድርጊ። የተሰነጠቀውና ከሌሎቹ ይልቅ የሚወዛወዘው የሚገዛልሽ ዕቃ ነው። አዲሱን ስታስገቢ ቡሎኑን አየር ላይ እያለ አታጥብቂው፣ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። መኪናው መሬት ላይ ሲያርፍ አጥብቂ። ትንሽ ከነዳሽው በኋላ ደግሞ ገብተሽ ሁሉንም እንደገና እይው።