የከዚራው ቤት ወለል፦ መዶሻው ይቆይ

ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከእናትሽ የወረስሽው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለ ቤት ነው። የላዩ ምንጣፍ ሲነሳ ከሥሩ ጥቁርና ቡናማ ካሬ የፕላስቲክ ታይል ወጣ። ግንበኛው "በስካርፔሎ አንስቼ፣ የቀረውን በግራይንደር ልጬ ሴራሚክ እለጥፋለሁ" አለሽ። ጎረቤት ደግሞ "አስቤስቶስ ይሆናል፣ እንዳታስነኪው" አለሽ። አስቤስቶስ ከምድር የሚወጣ፣ ቀጫጭን ቃጫ ያለው ማዕድን ነው፤ ቃጫው ሲተነፈስ ሳንባ ይጎዳል። ማንን ልመን ነው ያልሽው። የድሬ ልጅ ነኝና አንቺ እያልኩ ልመልስልሽ፤ ትንሽ ይረዝማል።

ጎረቤትሽን እመኚ። ቢያንስ ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ ግንበኛው አይግባ።

ይህን የምልሽ ጥፋቱን እኔው ራሴ ስላጠፋሁት ነው። የአባቴ ቤት እዚያው ከዚራ ነው። የታኅሣሥ ቁልቢ ሲደርስ እንግዳ ይበዛብናል። ከዚያ በፊት ቤቱን ላሳምር ብዬ ከትንሿ መኝታ ቤት ጀመርኩ። ታይሎቹ አርጅተው ጥጋቸው ተነስቷል። አንድ ጎበዝ የቀን ሠራተኛ ቀጠርኩ። ልጁ ሻሽ አፉ ላይ አስሮ በመዶሻና በስካርፔሎ ቀጠቀጠው። ከሥሩ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ማስቲሽ ነበር፤ እሱንም ፋቀው። ክፍሉ በአቧራ ታፈነ። አቧራውን ይውሰድልን ብለን ቬንትሌተሩን መጨረሻው ፍጥነት ላይ አደረግነው። እኔ በር ላይ ቆሜ አይዞህ እለዋለሁ።

በማግስቱ የአክስቴ ልጅ ከካናዳ ገባ። እዚያ ሥራው አሮጌ ቤት ማፍረስ ነው። ሰላም ሊለኝ እጁን እንደዘረጋ ዓይኑ ወለሉ ላይ አረፈ። እጄን ሳይጨብጥ ማብሪያ ማጥፊያው ጋ ሄዶ ቬንትሌተሩን አጠፋ። ከዚያ ጎንበስ አለና ገና ያልተነሳ አንድ ታይል ላይ መዳፉን ዘርግቶ ለካ። አንድ ስንዝር። "ይሄን በምን አነሳችሁት?" አለኝ። ፊቱን ሳይ የሆነ ነገር እንዳጠፋሁ ገባኝ።

ስንዝሩን የለካበት ምክንያት አለው። በድሮ ጊዜ፣ ከ1920ዎቹ እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ብዙ ፋብሪካ የወለል ታይል ሲሠራ አስቤስቶስ ይቀላቅልበት ነበር። ያኔ በጣም የተለመደው ልክ 9 ኢንች በ9 ኢንች ነው፤ ወደ 23 ሳንቲሜትር ይሆናል። ባለ 30 ሳንቲሜትርም ነበር። ስለዚህ ልኩ ጥርጣሬ ይጨምራል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። ጥቁሩ ማስቲሽም ራሱ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። ታይሉ ንጹሕ ሆኖ ማስቲሹ ብቻ ያለበት ጊዜም አለ።

በዓይን ግን ማንም አይለይም። ቃጫው እጅግ ቀጭን ነው፤ የሚለየው ላቦራቶሪ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ነው። ስለዚህ ያልተመረመረ አሮጌ ታይልን አለበት ብለሽ ያዢው። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ደግሞ የከዚራ ቤት ሁሉ ያስፈራል ማለቴ አይደለም። ብዙዎቹ ቤቶች ላይ ያለው አበባ ያለበት የሲሚንቶ ታይል ነው፤ ወይም ጠጠር ጠጠር የሚታይበት ቴራዞ ነው፤ አለዚያ ሊሾ ነው። እነዚህ ሌላ ነገር ናቸው። መለየትም ቀላል ነው። የሲሚንቶው ታይል ወደ 2 ሳንቲሜትር ይወፍራል፣ በባዶ እግር ሲረገጥ ይቀዘቅዛል። የሚያጠራጥረው ታይል ግን 3 ሚሊሜትር ያህል ነው። ከበሩ ሥር ወይም ከተሰበረ ጥግ በኩል ውፍረቱን እይው። አትሰብሪ፣ እይ ብቻ። እንደ ጥቅል የተነጠፈ የድሮ የፕላስቲክ ምንጣፍ ሆኖ ጀርባው ግራጫ ካርቶን የሚመስል ከሆነ ደግሞ ከሁሉም በላይ እሱን ፍሪ። ያ ጀርባ ሲነሳ እንደ ወረቀት ይቀደዳል፤ ቃጫውንም በቀላሉ ይለቃል። እናትሽ ያነጠፈችው የላዩ ምንጣፍ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተገዛ የሚያውቅ ዘመድ ካለ ጠይቂ። ተነስቶ ግቢ ውስጥ ከተጣለም ልጆች እንዳይጫወቱበት።

አሁን ዋናው ነገር። ታይሉ መሬት ላይ ተለጥፎ፣ ሳይሰባበር ከተቀመጠ ማንንም አይጎዳም። ቃጫው በፕላስቲኩ ውስጥ ታስሯል። እናትሽ ስንት ዓመት ስትወለውለው ኖራለች፤ በዚህ አትጨነቂ። አደጋው የሚመጣው ሲቀጠቀጥ፣ ሲላጭ፣ ሲበሳ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ነው። ያኔ ቃጫው አየር ላይ ይወጣል፣ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ እዚያም ይቀራል። የሚያመጣው በሽታ አስቤስቶሲስ የሚባለው የሳንባ መጠጠር፣ የሳንባ ካንሰር እና ሜሶቴሊዮማ የተባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ነው። ቶሎ አይታይም። ሜሶቴሊዮማ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። ሰው "ስንቱን ቤት አፍርሻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም" የሚለው ለዚህ ነው። ራሷ ካናዳ ለብዙ ዘመን አስቤስቶስ ከምድር እያወጣች ለዓለም ስትሸጥ ነበር፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ከለከለችው። ፈረንሳይ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች።

ስለዚህ ምክሬ፦ አታስነሺው፣ አልብሺው። እኛ ሳሎኑን እንዲያ አደረግነው። መጀመሪያ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልን። ወፍራም ላስቲክ አነጠፍን። ከላይ 5 ሳንቲሜትር ሲሚንቶ ሞላን፤ ሲደርቅ ሴራሚክ ለጠፍን። በሮቹ ከሥራቸው መቆረጥ ነበረባቸው፤ ነቅለን ግቢ ውስጥ ቆረጥናቸው። ክብደት ስላለው ፎቅ ላይ ከሆነ መሐንዲስ ሳይጠየቅ እንዳታደርጊው። ገንዘቡ ካጠረሽ አዲስ ምንጣፍ ከላይ ማንጠፍም በቂ ነው። አንድ ነገር ግን በደንብ አስጠንቅቂ። ግንበኞች ሲሚንቶው እንዲይዝ ብለው የድሮውን ወለል ቺዝል የማድረግ፣ ማለት በስካርፔሎ እየቀጠቀጡ የማሻከር ልማድ አላቸው። ላስቲኩ የሚነጠፈው ይህ እንዳይደረግ ነው። ቆመሽ ተከታተይ።

መኝታ ቤቱ ግን አንዴ ተቀጥቅጧል። የአክስቴ ልጅ በሩን ዘጋ፤ የበሩን ሥር በእርጥብ ፎጣ ደፈነ። መጥረጊያ የሚባል ነገር እንዳናስገባ ከለከለን። ደረቅ መጥረጊያ ያንኑ አቧራ መልሶ ያስነሳዋል፤ ተራው የቤት ቫኪዩምም እንደዚያው፣ ቃጫው አልፎት ይወጣል። ውኃ ውስጥ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አደረገበት፣ በመርጫ ስብርባሪውን ሁሉ አረጠበ። ከዚያ በእጁ እየለቀመ ወፍራም ፌስታል ውስጥ ከተተ፤ ፌስታሉን አስሮ ሌላ ፌስታል ደረበበት። ማዳበሪያ ከረጢት አይሆንም፣ ሽንቁር አለው። ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ የቬንትሌተሩን ክንፍ ሳይቀር በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ። ጨርቁ አልታጠበም፤ እዚያው ፌስታል ውስጥ ገባ። ከእናቴ አልጋ ራስጌ ላይ ያነሳውን ጨርቅ አሳየኝ፤ እንደ አመድ ግራጫ ሆኗል። እናቴ ያን ሌሊት እዚያ አልጋ ላይ አድራለች። ይህ እስካሁን ይከነክነኛል።

እሱ ራሱ የለበሰው ማስክ ፒ100 የሚባል ባለ ማጣሪያ ነው፤ ኤፍኤፍፒ3 የሚባለው ማስክም ይሆናል። በኮሮና ጊዜ የለመድነው ሰማያዊው ማስክ ለዚህ አይሠራም። ሻሽም አይሠራም። ልብሱን አርጥቦ አውልቆ ለብቻው አጠበው፤ ገላውን ታጥቦ ነው ሰው ጋ የተቀላቀለው። እኔን ሊያስገባኝ አልፈለገም። አንቺም ይህን ለማንም ሰው በርካሽ አታሠሪ። መነሳት ግድ ከሆነ የሚያውቅ ሰው፣ ትክክለኛ ማስክና ውኃ ከሌለ አይጀመር።

ስብርባሪውን ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ መጣል የብዙ ሰው ልማድ ነው። እባክሽ እንዳታደርጊው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ የት እንደሚያደርሰው አይታወቅም። ማቃጠልም አይሆንም፤ ቃጫው እሳት አይበላውም። ፌስታሉ ላይ ምን እንደሆነ ጽፈሽ የከተማውን ጽዳት ክፍል አነጋግሪ፤ መልስ እስክታገኚ ጥላ ሥር ይቀመጥ።

ያን የቀን ሠራተኛ ልጅ ሳቢያን ሰፈር ድረስ ሄጄ ፈለግኩት። ነገርኩት። "ታዲያ አሁን ምን ልሁን?" አለኝ። የአንድ ቀን አቧራ እንደ ዓመታት ሥራ አለመሆኑን፣ ነገር ግን ይህን ያህል ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አለመኖሩን ነገርኩት። ሲጋራ ያጨሳል። ከአስቤስቶስ ጋር ሲጋራ ሲደመር የሳንባ ካንሰር አደጋው በጣም ስለሚጨምር እንዲተው ለመንኩት። ሐኪም ቤት ሲሄድም ይህን ሥራ መሥራቱን እንዲናገር መከርኩት። የአክስቴ ልጅ ትቶ የሄደውን ማስክ ሰጠሁት። አንቺ ገንዘብ ከፍለሽ የምታሠሪው ሰው ስለ አስቤስቶስ ላያውቅ ይችላል። አንቺ ግን አሁን አውቀሻል።

አንድ የቀረ ነገር። ሳሎኑን ካለበስን በኋላ በቆጣሪው ሳጥን በር ውስጠኛ ፊት ላይ በማርከር ጻፍኩ፦ "ከሴራሚኩ ሥር አስቤስቶስ ሊኖር የሚችል ታይል አለ፤ አይቀጥቀጥ።" ቤቱ ነገ በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። አንቺም ጻፊ። የታይሉን ጥግ ፎቶ ከማስመሪያ ጋር አንስተሽ ላኪልኝ፤ ውፍረቱን አይቼ ዛሬውኑ እመልስልሻለሁ።