ሩቅ የማይሄድ አበባ

ባለፈው ሰሞን ሆለታ ላይ ለወጣቶች በተዘጋጀ ስልጠና ስለ አበባ አያያዝ እንድናገር ተጠርቼ ነበር። ስለ ቀዝቃዛ ክፍል፣ ስለ ባልዲ፣ ስለ መቀስ የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩት። ስጨርስ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። የሰርግ ዲኮር ልትጀምር ነው። «እትዬ፣ ቅር እንዳይልዎት እንጂ፣ የእርሻ ጽጌረዳ ለምንድነው መዓዛ የሌለው? የአያቴ ግቢ ያለው እኮ ገና በሩ ሲከፈት ነው የሚያውደው» አለችኝ።

አዳራሹ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁና የሙያውን መልስ ሰጠኋት። አዳቃዮቹ ለአስርት ዓመታት ሲመርጡ የኖሩት ብዙ ቀን የሚቆየውን፣ አንገቱ የማይደፋውን፣ ካርቶን ውስጥ ታሽጎ አውሮፓ ሲደርስ ገላው ያልተላላጠውን ነው። መዓዛው በዚህ መሃል ሾልኮ ወጣ። ልጅቷ «እሺ» ብላ ተቀመጠች። እኔ ግን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የአበባ እርሻ በሆለታ፣ በሰበታ፣ በደብረ ዘይት፣ በዝዋይ ሲበዛ እኔም በሆለታ መንገድ ካለ አንድ እርሻ ተቀጠርኩ። ምድቤ ድህረ ምርት ነበር፤ የተቆረጠውን አበባ መለየት፣ ማሰርና ማሸግ። ሰራተኛው በአጭሩ «ፓኪንግ» ነው የሚለው። ያኔ የምኖረውም እዚያው እርሻው በሰጠኝ ክፍል ነበር። እሁድ እሁድ ታክሲ ይዤ ቡራዩ እሄድ ነበር። እዚያ አንድ የድሮ ግቢ ነበር። እመቤቲቱ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው። ግቢውን የሚጠብቁት አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ ነበሩ። እኔ «አባባ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። ቡና የማይጠጣ የወሎ ሰው ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው።

አጥሩን ተደግፎ የወጣ አንድ ቀይ ጽጌረዳ ነበራቸው። ስሙን የሚያውቅ የለም። እመቤቲቱ በጃንሆይ ጊዜ ከየት እንዳመጡትም የሚያውቅ የለም። ቀለሙ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ጠርዙ ላይ ወደ ጥቁር ይሄዳል። አንገቱ ደካማ ነው። አበባው ሲፈካ ይከብደውና ያቀረቅራል። ቆርጣችሁ ብታስቀምጡት በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛው ላይ ይራገፋል። በእኛ መስፈርት ቢለካ አንድም ዘንግ አያልፍም። መዓዛው ግን! ጤዛው ሳይለቅ ከተቆረጠ አንዲቷ አበባ ሳሎኑን ትሞላዋለች።

አባባ ሲቆርጡ ማየት ራሱ ትምህርት ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ነው የሚነሱት። መቀስ አይወዱም፤ «ግንዱን ይጨፈልቀዋል» ይላሉ። ምላጭ የሆነች ትንሽ ቢላዋ አለቻቸው። ከአበባው ወደ ታች በጣታቸው ይወርዳሉ። ሦስት ሦስት ሆኖ የወጣውን ቅጠል ያልፉታል። አምስት ያለው ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። በሱ ብብት ውስጥ ወደ ውጭ የሚያይ ዓይን፣ ማለትም አዲስ ቅርንጫፍ የሚወጣበትን እብጠት፣ ይፈልጋሉ። ከዓይኑ ትንሽ ከፍ ብለው በሰያፍ አንዴ ይስባሉ። «ቀጣዩ ቅርንጫፍ በየት በኩል እንደሚሄድ አሁን ነው የምትወስኚው» ይሉኛል። የተቆረጠው ወዲያው ከጎናቸው ባለ የኒዶ ጣሳ ውሃ ውስጥ ይገባል። ኮሌጅ ስለ አየር አረፋ ተምሬያለሁ። የተቆረጠ ግንድ ያለ ውሃ ሲቆይ አየር ይስብና የውሃ መንገዱን ይዘጋበታል። አባባ ይህን ማንም አልነገራቸውም፤ ግን ከኛ ሱፐርቫይዘሮች በተሻለ ያደርጉት ነበር።

አንድ ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ እንደገባ፣ ከዚያ ጽጌረዳ ላይ ቁርጥራጭ ቆርጠው፣ በረጠበ ጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። «የትም ትከያት። እኔ ዛሬ አለሁ፣ ነገ የለሁም። ግቢውም የሰው ነው» አሉኝ።

የት ልትከላት? እርሻ ከውጭ ተክል አያስገባም። እኛ ራሳችን በር ላይ መድኃኒት የተነከረ ስፖንጅ ረግጠን ነው የምንገባው። ሥራ አስኪያጁ ጋ ሄድኩ። ከአጥሩ ውጭ፣ ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ አንዲት ጥግ ብቻ ለመንኩት። «ዳውኒ ይዞ ቢገባ ማን ይጠየቃል?» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ጋዜጣው እንደተጠቀለለ ጥበቃው ጋ ቀረ፤ በሳምንቱ ደርቆ አገኘሁት።

እኔ በሱ ወንበር ብቀመጥ እኔም አላስገባም። ዳውኒ የሚሉት በሽታ ከገባ በጥቂት ቀን የግሪንሃውስ ሙሉ ቅጠል ያራግፋል። ደንቡ ልክ ነው። ልክ መሆኑን እያወቅሁም እስካሁን ያናድደኛል። ከዚያ የቫላንታይን ሥራ መጣ፣ ተከትሎ የእናቶች ቀን። እሁድ የሚባል ቀን ጠፋ። ቡራዩ ስመለስ ግቢው ተሽጦ ግሬደር ገብቶበታል። አባባ አገራቸው ገቡ አሉኝ። ስልክ አልነበራቸውም። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ፎቅ አለ፤ ምድሩ ላይ የሞባይል ጥገና ቤት ተከፍቷል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሳላስበው በአፍንጫዬ እስባለሁ።

እንግዲህ ከዚህ የተረፈኝን ልንገራችሁ። ደመወዝ ብትይዙም፣ ቢዝነስ ብትከፍቱም፣ የራሳችሁ የሆነች ሁለት ካሬ አፈር ትኑራችሁ። የእናታችሁ ግቢ ይሁን፣ የተቀደደ ባልዲ ይሁን ግድ የለም። በየሰፈሩ፣ በየአያቱ ግቢ፣ በካታሎግ የሌለ አበባ አለ። ሕንፃ ሳይውጠው ቁረጡና አባዙት። ሥራው ቀላል ነው። አበባውን የጨረሰ፣ እርሳስ የሚያህል ቅርንጫፍ ምረጡ። ሦስት አራት ዓይን ያለው ቁራጭ ይበቃል። ከታችኛው ዓይን ሥር ቁረጡት። የታች ቅጠሉን አንሱለት። አሸዋ በበዛበት አፈር ጥላ ላይ ትከሉት። ቂጡ የተቆረጠ ሃይላንድ ድፉበት። ከአንድ ወር በኋላ ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉት፤ ከያዘ ሥር አውጥቷል ማለት ነው። ግማሹ ይሞታል፤ አትደንግጡ።

አሁን ወደ አበባ ምርጫ ልምጣ። ወጣቶቹ ሲጠይቁኝ ሁሌም «የትኛው ቀለም ያዋጣል?» ነው። መጠየቅ ያለበት «አበባው የት ነው የሚሄደው?» ነው። ሆላንድ አልስሜር ያለው የአበባ ጨረታ ላይ ዋጋ የሚያሳየው ሰዓት ከከፍተኛው ዋጋ ተነስቶ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ቀድሞ ቁልፉን የተጫነ ገዛ። እዚያ የሚደርሰው አበባ ቦሌ ጫፍ ድረስ በብርድ መኪና ሄዶ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ደግሞ እዚያ ተጭኖ ነው። ለዚያ መንገድ ጠንካራ አበባ ያስፈልጋል። ሆለታ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ብርዱ ጽጌረዳውን ቀስ አድርጎ ያሳድገዋል፤ አበባው ትልቅ፣ ዘንጉ ረጅም ይሆናል። ዝዋይ ይሞቃል፤ ቶሎ ቶሎ ይቆረጣል፣ ግን አበባው አነስ ይላል። ውጭ ያለው ገዢ ይህን አሳምሮ ያውቃል።

እናንተ ግን ከሱሉልታ ወይ ከሰንዳፋ ተነስታችሁ በጠዋት ቦሌ አበባ ቤት ማድረስ ትችላላችሁ። ታዲያ የመንገደኛ አበባ መኮረጅ ምን ያደርግላችኋል? ትልልቆቹ እርሻዎች የሚንቁትን ውሰዱ። ዳሊያ በደጋችን እንዴት እንደሚያምር ታውቃላችሁ። ሦስት አራት ቀን ቢቆይ ነው፤ ስለዚህ ወደ ውጭ ብዙም አይላክም። ካላ ውሃ ባለበት ጥግ ሁሉ ይበቅላል፤ ብትቆርጡት ሳይሆን ከሥሩ ጠምዘዝ አድርጋችሁ ብትስቡት ነው የሚሻለው። መዓዛ ያለው የግቢ ጽጌረዳም የሚያዋጣው እዚሁ ነው።

በ2012 መጋቢት ኮቪድ የአውሮፓን ገበያ ሲያፈርሰው ይህ ጉዳይ በደንብ ገብቶኛል። የጨረታው ዋጋ ወደቀ፤ እዚያም አበባ ተጣለ፣ እዚህም ተጣለ። ፓኪንግ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና በእጇ ብቻ የ60 እና የ70 ሴንቲሜትር ዘንግ የምትለይ ሴት ነበረችን። ያን ሰሞን እሷ ያሰረችውን ጽጌረዳ በጋሪ እየገፋን ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ ከተትነው። አዲስ አበባ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ናት። ግን አንድ ደንበኛ እንኳን አልነበረንም።

ይህን ሁሉ ብዬ ሳሎኔ ብትመጡ የምታገኙት ረጅም ዘንግ ያለው፣ ምንም መዓዛ የሌለው የሆለታ ጽጌረዳ ነው። ሁለት ሳምንት ይቆማል። እወደዋለሁ፤ ምን ላድርግ።

ስለ አያያዙ ብዙ አልልም፤ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። አንድ የሚያናድደኝን ብቻ። ስኳር ውሃው ውስጥ ጨምሩ የሚል ምክር በየቦታው ይሰጣል። ስኳር ብቻውን ባክቴሪያ መቀለብ ነው። ባክቴሪያው ደግሞ ግንዱን ይዘጋዋል። ጥቂት ጠብታ በረኪና አብሮ ይግባ፣ ውሃው ውስጥ የሚሰጥም ቅጠል ይነቀል፣ ባልዲው ሰው የሚጠጣበት ይመስል ይታጠብ። አበባ ያለበት ፍሪጅ ውስጥ ሙዝ ካያችሁ ደግሞ ሙዙን አውጡት። የሚበስል ፍራፍሬ የሚለቀው ጋዝ አበባን ያስረጃል፤ ካርኔሽን በተለይ የአበባ ቅጠሉ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ የተኛ ይመስላል፣ ከዚያ ወዲያ አይነቃም።

ስለ ማቀናበር ከተነሳ የዛሬ ልጆች ከኛ ትበልጣላችሁ፤ ዓይን አላችሁ። ግን አበባውን ለፎቶ ነው የምትሰሩት። ብልጭልጭ ትነፉበታላችሁ፣ መሃሉን በፕላስቲክ አበባ ትሞሉታላችሁ፣ ሙሽሮቹ ኬክ ሳይቆርሱ እውነተኛው ጠውልጎ ፕላስቲኩ ብቻ ቆሞ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ስፖንጁ ላይ ነው። አበባ የሚሰካበትን አረንጓዴ ስፖንጅ ውሃ ውስጥ በእጃችሁ ትደፍቁታላችሁ። ላዩ ይረጥብና ሆዱ ደረቅ ይቀራል። ውሃው ላይ ጣሉትና ተዉት፤ ራሱ እየጠጣ ይሰምጣል። ግንድ አንዴ ከሰካችሁ በኋላ ወደ ኋላ አትሳቡት። ጫፉ ሥር ባዶ ቦታ ይፈጠርና ውሃ አያገኝም።

«አደይ አበባን ለምን አንሸጥም?» የሚለኝም አለ። ሞክሩት። ከተቆረጠ በኋላ ዕድሜ የለውም፤ ሴቶቹ ልጆች ከእንግጫ ጋር ይዘውት ሲመጡ ነው የሚያምረው።

ያቺ ልጅ ከስልጠናው በኋላ ስልኬን ተቀብላለች። ለጥር ሰርግ መዓዛ ያለው ጽጌረዳ ማድረስ ትፈልጋለች። የነገርኳት ይህን ነው፤ ለእናንተም ይሁን። ጥር ላይ አበባ ከፈለጋችሁ ህዳር መጀመሪያ ላይ ግረዙት። በደጋው ብርድ ከግርዛት እስከ አበባ ከስምንት እስከ አስር ሳምንት ይፈጃል። ከህዳር እስከ ታህሳስ ውርጭ አለ፤ ማታ ማታ በላስቲክ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኑት፣ ጠዋት ግን ቶሎ ግለጡት። ከላስቲኩ የሚንጠባጠበው ጤዛ አበባው ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህል ነጥብ ይተዋል። በቆረጣችሁበት ቀን ምንም አይመስልም። በማግስቱ ግራጫ ሻጋታ ሆኖ ሙሽሪት እጅ ላይ ይፈነዳል። ቀለሙን ከሙሽሪት ጋር ተነጋገሩ፣ ብሩን ግን ከሚዜዎቹ ጋር አትነጋገሩ። ቀብድ ካልተቀበላችሁ ደግሞ መቀሱን አታንሱ።