አዲስ ዕቃ ላይ ፈሳሽ ሲፈስ፦ በግሩፕ ውስጥ ከስልክና ላፕቶፕ ጠጋኝ ጋር የተደረገ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ፣ አዲሱ ላፕቶፔ ኪቦርድ ላይ ስኳር ያለው ማኪያቶ ፈሰሰ። ከሁለት ሰዓት በፊት ነው። ጠርጌው እየሠራ ነው፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ አሁኑኑ አጥፊው። ቻርጀሩን ንቀዪና ማብሪያውን 10 ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዢ፤ ዊንዶውሱ በሥርዓት እስኪዘጋ አትጠብቂ። ክዳኑን ከፍተሽ ኪቦርዱን ወደ ታች ገልብጪው። ከዚያ የጀርባውን ብሎኖች ፈትተሽ የባትሪውን ሶኬት ከቦርዱ (ቺፖቹ ካሉበት ሰሌዳ) በጥፍርሽ ወይም በፕላስቲክ ነገር አላቅቂው፤ ብረት አይንካው። ለድንገተኛ ጉዳት የገዛሽው ተጨማሪ ዋስትና ካለ ግን ራስሽ አትክፈቺው፣ አጥፍተሽ ዋስትናውን ለሸጡልሽ ውሰጂላቸው።

ባትሪው እስከተሰካ ድረስ የጠፋ ላፕቶፕም ቦርዱ ላይ ኤሌክትሪክ አለ። ዕቃውን የሚገድለው ደግሞ ውሃው ሳይሆን በውሃው ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው፤ መዳቡ እየሟሟ አረንጓዴ ዝገት ይሆናል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበላው የስክሪኑ ገመድ የሚገባበት ሶኬት ነው፤ የስክሪኑን መብራት የሚያበራው መስመር አጠገቡ ካሉት ቀጫጭን የዳታ መስመሮች ብዙ እጥፍ ቮልቴጅ አለው። የደረቀ ስኳር ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ «ደርቋል» የተባለው ላፕቶፕ ከሳምንታት በኋላ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ ቦርዱ መታጠብ አለበት። እጥበቱ ላይ ብዙ ባለሙያ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ስኳር በአልኮል አይሟሟም። ቦርዱ ወጥቶ፣ የሚነሱት የብረት ሽፋኖች ተነስተው፣ መጀመሪያ በዲስቲልድ ውሃ (በእንፋሎት የተጣራ ውሃ) እና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል፤ ቀጥሎ 99 ፐርሰንት አይሶፕሮፒል አልኮል ውሃውን ያስወጣዋል። የእጅ ሳኒታይዘር ይቅር፣ ውሃም ጄልም አለበት።

ጥያቄ፦ ሩዝ ውስጥ ብንከተውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ቺፕ ሥር የተያዘ ውሃን ሩዝ አይስብም፣ ዱቄቱ ቻርጅ ማድረጊያው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። አፕል ራሱ አይፎንን ሩዝ ውስጥ አትክተቱ ይላል።

አባል፦ የእኔ ሳምሰንግ በሩዝ ድኗል እኮ።

ሌላ አባል፦ ሦስት ቀን ሳታበራው ስለቆየህ ነው የዳነው፤ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጠውም ይድን ነበር።

አባል፦ ጫማ ካርቶን ውስጥ ያለችው ሲሊካ ጄልስ?

መልስ፦ ክርክሩን ተዉት። ሲሊካ ጄል ከሩዝ ይሻላል፣ ግን ጨውና ስኳር አያወጣም። ማጥፋት፣ አለመሰካት፣ አለማብራት።

ጥያቄ፦ አይፒ68 (ውሃ የመቋቋም ደረጃ) የሆነ አዲስ አይፎን ላንጋኖ ውስጥ ወደቀ። ዋስትና አለው፤ ችግር የለውም አይደል?

መልስ፦ አለው። የአይፒ68 ፈተናው የተደረገው በንጹህ ውሃ ነው፤ ላንጋኖ ሶዳ ያለበት ሐይቅ ነው። ስልኩ ያልተሰነጠቀና ተከፍቶ የማያውቅ ከሆነ፣ አጥፍተህ በቧንቧ ውሃ በቀስታ አለቅልቀው፤ ሶዳው ከደረቀ ይባስ ነው። የቻርጅ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርገህ በእጅህ መታ መታ አድርገው፣ ነፋስ ያለበት ቦታ አስቀምጠው። እስኪደርቅ ቻርጅ አታድርግ፤ አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል። መደበኛው ዋስትና የፈሳሽ ጉዳትን አይሸፍንም። ሲም ማስገቢያ ካለው፣ ውስጡ ያለችው ምልክት ውሃ ሲነካት ትቀላለች፤ መጀመሪያ የሚያዩት እሷን ነው።

ጥያቄ፦ ፀጉር ማድረቂያ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ሙቀቱ ማጣበቂያውን ያላላል፣ ነፋሱ ውሃውን ወደ ውስጥ ይገፋል።

ጥያቄ፦ ስክሪን ተሰበረ፣ ስንት ብር ነው?

መልስ፦ የምን ስክሪን? ሞዴል ሳይጻፍ ዋጋ የለም።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ የመጣ ጁስ መፍጫ ሰክተን ጢሱ ወጣ።

መልስ፦ የእኔ ሙያ አይደለም። ሥሩ ላይ 120 ቮልት ብቻ ከተጻፈ የእኛ 220 አቃጥሎታል፤ ሞተር ጠጋኝ ይየው። 100-240 የሚሉ ቻርጀሮች ግን ችግር የለባቸውም።

ጥያቄ፦ ስልኬ ውሃ ገባ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የትኛው ስልክ? የምን ውሃ? መቼ? ከላይ ሁለቴ ጽፌዋለሁ፦ አጥፋው፣ አትሰካው፣ «ይሠራ እንደሁ ልየው» ብለህ አታብራው።

ጥያቄ (ባለ ማኪያቶዋ)፦ ባትሪውን አላቀቅሁ። የስክሪኑ ሶኬት ጥግ ላይ አረንጓዴ ነገር አለ።

መልስ፦ ገመዱን አሁን አትንቀዪው፣ ባትሪውንም መልሰሽ እንዳትሰኪ። ፎቶውን በቅርብ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ነገ ሳይሆን ዛሬ ይታጠብ።