ጥቁር ድንጋይ ወይስ የአምቦ ድንጋይ?

«አጥሬን በጥቁር ድንጋይ ላስገንባ ወይስ በአምቦ ድንጋይ? ድንጋይ ያው ድንጋይ አይደለም ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ ያው አይደለም። ግንበኛ ነኝ። ልዩነቱን የተማርኩት ግን በኪሳራ ነው።

ጥቁሩ ባዛልት ነው፤ ከምድር ሆድ ቀልጦ ወጥቶ የቀዘቀዘ። ሲቀዘቅዝ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው ስለሚጠነክሩ ውሃ መግቢያ ብዙም አያገኝም። የአምቦው ደግሞ አሸዋ ድንጋይ ነው። አሸዋ በአሸዋ ላይ እየተደረበ፣ በክብደት እየተጫነ፣ በመሃሉ በሰረገ ማዕድን ተጣብቆ የጠና። በአሸዋው መሃል ክፍተት ይቀራል። ደረቅ ሳለ ውሃ ጠብ አድርግበትና እየው፣ ይመጠዋል።

ኪሳራው እንዲህ ነው። ለአንድ ሰውዬ የአምቦ ድንጋይ አጥር ሠራን። ሰፊ ገጹ ይታይልኝ ስላለ ንብርብሩን አቁመን ገነባነው። እግሩም አፈር ነክቶ ነበር። በሁለተኛው ክረምት ከታች ነጭ ጨው አወጣ። ከዚያ ፊቱ እንደ ሽንኩርት ይላጥ ጀመር። ሰውዬው ድንጋዩን ረገመ፤ ጥፋቱ ግን የእኛ ነበር። ከደለል የተሠራ ድንጋይ በተፈጥሮው እንደተኛ አስተኝተህ ነው የምትገነባው። ካቆምከው ውሃው በንብርብሩ መሃል ይገባና ገጹን ገፍቶ ይጥለዋል። ባዛልት እንዲህ ዓይነት ንብርብር ስለሌለው በፈለግከው ጎን ብታስቀምጠው ግድ የለውም።

ታዲያ ጥቁር የሆነ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ቀልጦ ሳለ ጋዝ የወጣበት ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል፤ እሱን ለመሠረት አልወድም። ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኖ የሚፈረፈረውንም ተው፣ ወደ አፈርነት እየሄደ ነው። የምንማረርበት የዋልካ አፈር እኮ አብዛኛው የበሰበሰ ባዛልት ነው! በመዶሻ ምታው። ጥርት ብሎ ከጮኸ ውሰደው፤ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠህ መልሰው።

አሸዋ ድንጋይንም አትናቀው። የገርዓልታ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ከእሱ ነው። የላሊበላዎቹ ግን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈለፈሉ ሆነው ዝናብና ስንጥቅ አስቸግሯቸዋል።

ሁለቱን በአንድ ቦታ ማየት ካማረህ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ውረድ። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት አለ፤ አንዳንዱ እንደ ምሰሶ ተደርድሮ ቆሟል። ዝቅ ስትል የኖራ ድንጋይና አሸዋ ድንጋይ ታገኛለህ። የኖራ ድንጋዩ አካባቢው ባሕር በነበረበት ዘመን የተከማቸ ነው፣ ቀንድ አውጣ የሚመስል ቅሪት ያለበትም አለ። ባዛልቱ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈሶ ከላይ የተደፋ ነው።

ወደ አጥርህ ስመለስ፦ መሠረቱንና ከመሬት እስከ ግማሽ ሜትር ያለውን በጥቁር ድንጋይ አሠራ። የዝናብ ፍንጣቂ የሚመታው እዚያ ነው። ከዚያ በላይ የአምቦው ይሁን፣ ውበትም አለው፣ ለመሮም ይታዘዛል። ጥቁሩን አሳምሮ ማስጠረብ የእጅ ዋጋው ያስለቅሳል። አናቱ ላይ ውሃ እንዳይተኛ ክዳን አድርግለት። ድንጋዩን ደግሞ ሳይራገፍ መኪናው ላይ እያለ እየው፤ አንድ ቢያጆ ከተገለበጠ በኋላ «መልሱልኝ» ብትል የሚሰማህ የለም።