የፖሊስ ወረቀት ሳንይዝ ጤና ጣቢያ ይቀበለናል?

ጥያቄ፦ ደሴ በሰው ቤት ትሠራ የነበረች የ16 ዓመት የእህቴ ልጅ ተደፍራ፣ ሁለት ወር ያህል አርግዛ ተመልሳለች። አንዱ ጎረቤት «ማስወረድ ወንጀል ነው» ይላል፤ ሌላው «አዲስ ሕግ ወጥቶ ለሁሉም ተፈቅዷል» ይላል፤ ሌሎች ደግሞ «የፖሊስ ወረቀት ካላመጣችሁ ማንም አይነካትም» ይሉናል። የቱን እንመን? (አክስት፣ ከሐይቅ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሦስቱም ሙሉ እውነት አልነገሩዎትም። ፅንስ ማቋረጥ ዛሬም በመርህ ደረጃ ያስቀጣል። ሆኖም ጎረቤትዎ «አዲስ» የሚሉት፣ ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል፤ እነዚህም እርግዝናው በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች ግንኙነት የመጣ ሲሆን፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖርበት፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡሯ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት አለዚያም በዕድሜዋ ለጋነት ልጅ ለማሳደግ ሳትችል ስትቀር ናቸው። የእህትዎ ልጅ በመደፈሯም በዕድሜዋም ትካተታለች።

የፖሊስ ወረቀት ግን ሕጉ አይጠይቅም። አንቀጽ 552 የተደፈረችው ሴት ቃል ብቻውን በቂ ነው ይላል፤ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያም የዕድሜ ማስረጃ እንዳይጠየቅና አገልግሎቱ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲሰጥ ያዛል። የጤና ባለሙያ መርማሪ ፖሊስ አይደለም፤ ይህን የሚዘነጋ ካጋጠማችሁ መመሪያውን ጠቅሳችሁ ኃላፊውን አነጋግሩ። ደፋሪውን መክሰስ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ አትተዉት፤ ሕክምናው ግን ክሱን አይጠብቅም፤ እስከ 12 ሳምንት ድረስ በሠለጠነ ባለሙያ ጤና ጣቢያ ሊሠራ የሚችለው፣ ከዚያ ካለፈ ወደ ሆስፒታል መሄድን ይጠይቃል። በዚያው የኤችአይቪና የአባላዘር በሽታ ምርመራ ይደረግላት።

እናንተ ዘንድ ሼኹን ወይም የንስሐ አባቱን ሳያማክር የማይወስን ቤተሰብ እንዳለ አውቃለሁ፤ ማማከሩ ነውር የለበትም፣ ሕጉም ቢሆን ማቋረጡን ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም። ብቻ ምክሩ ሳምንታት አይፍጅ፤ ልጅቷም የምትፈልገውን ለብቻዋ ትጠየቅ። እስከዚያ ማንም ሥር ቀቅሎ ወይም ኪኒን በድብቅ ገዝቶ እንዳይሰጣት ተጠንቀቁ። ብዙ ደም ከፈሰሳት ወይም ካተኮሳት፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዷት።