ካልሲየም ብውጥ ደሜ ቶሎ ይረጋልኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 43 ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ዓሣ እያጸዳሁ እሸጣለሁ። ቢላዋ ወይም የቆሮሶ እሾህ ጣቴን መውጋቱ የተለመደ ነው፤ ድሮ ደሙ ወዲያው ይቆም ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን አልቆም እያለ ያስቸግረኛል። አንድ ባልደረባዬ «ካልሲየም ደም ያረጋል፤ ከፋርማሲ ገዝተህ ዋጥ» ብሎ መክሮኛል። ልዋጥ? ለወገቤ ሕመም ማታ ማታ ከምወስደው አስፒሪን በቀር ሌላ መድኃኒት አልወስድም።

መልስ፦ ባልደረባዎ ግማሹን በትክክል ይዞታል። ያለ ካልሲየም ደም አይረጋም። ላቦራቶሪ ደም ሲሰጡ ክዳኑ ወይን ጠጅ የሆነውን ቱቦ አይተው ይሆናል፤ ውስጡ ካልሲየምን አስሮ የሚይዝ ኬሚካል ስላለ ነው ደምዎ ሳይረጋ የሚቆየው። ነገር ግን በእርስዎ ደም ውስጥ ካልሲየም ጎድሏል የሚያሰኝ ምንም ምልክት አልነገሩኝም። ቢጎድል ኖሮ ከደም መፍሰስ ቀድሞ ከንፈርዎና ጣትዎ ይደነዝዝ፣ ጡንቻዎ ይኮማተር ነበር።

ደም ማቆም የሚጀምሩት ፕላትሌት የሚባሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ናቸው። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ይገኛሉ። ፕላትሌት ሳትነቃ ስትንሳፈፍ በውስጧ ያለው ነጻ ካልሲየም በዙሪያዋ ካለው በአሥር ሺህ እጥፍ ገደማ ያነሰ ነው፤ ጉልበት እያወጣች ያለማቋረጥ ከፊሉን ወደ ውጭ፣ ከፊሉን ወደ ውስጥ ማጠራቀሚያዋ ትገፋዋለች። በጨረጨራ ግድብ በር ላይ የተኛውን የጣና ውኃ ያስቡ፤ በሩ ከተከፈተ ገፊ አያሻውም።

ቢላዋው የደም ሥር ሲቆርጥ ከግድግዳው ሥር ያለው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ይጋለጣል። ፕላትሌቷ ስትነካው ምልክቱ ወደ ውስጥ ይተላለፍና ማጠራቀሚያዋ የያዘውን ካልሲየም ይለቃል። ይህ ግን ጥቂት ነው፤ ለሥራው አይበቃም። ከዚህ በኋላ ያለው እኔን ዛሬም ያስደንቀኛል። ስቲም 1 የተባለ ፕሮቲን ማጠራቀሚያው መጉደሉን ለይቶ ያውቅና ወደ ሕዋሷ ሽፋን ተጠግቶ ኦራይ 1 የተባለውን በር ይከፍታል፤ የውጭው ካልሲየም ያን ጊዜ ይገባል። በሩን የሚያስከፍተው የውስጡ መጉደል እንጂ የውጭው መብዛት አይደለም። የሁለቱ ፕሮቲኖች ሥራ የታወቀው በ2005 እና በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ሌሎች በሮችም አሉ። ካልሲየም ሲገባ ፕላትሌቷ ጠፍጣፋ ቅርጿን ለውጣ ቅጥያዎች ታወጣለች፣ በውስጧ የያዘችውን ኬሚካል ትለቃለች፣ ከሌሎች ፕላትሌቶች ጋር ትያያዛለች።

ስለዚህ እንክብሉ የሚጨምርልዎ ነገር የለም። በደም ውስጥ ያለውን መጠን ሰውነት በሆርሞን አጥብቆ ይቆጣጠረዋል፤ ያለ ምክንያት መዋጥ ለሆድ ድርቀት፣ አንዳንዴም ለኩላሊት ጠጠር ይዳርጋል። (በሩ ሁልጊዜ ክፍት ቢሆንስ? ስቲም 1 በውርስ ለውጥ ምክንያት ያለ ዕረፍት የሚሠራባቸው ሰዎች አሉ፤ እነርሱም በቀላሉ ይደማሉ።)

እኔ የምጠረጥረው እንደ ዋዛ ያነሱትን አስፒሪን ነው። የነቃች ፕላትሌት ትሮምቦክሳን የተባለ ኬሚካል እየሠራች ሌሎቹን ትቀሰቅሳለች፤ በእነርሱም ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል። አስፒሪን ይህን ኬሚካል የሚያሠራውን ኢንዛይም እስከ መጨረሻው ያሰናክለዋል። ፕላትሌት ኒውክለስ፣ ማለትም የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ የሚቀመጥበት የሕዋስ ክፍል፣ ስለሌላት ሌላ ኢንዛይም መተካት አትችልም፤ ከ7 እስከ 10 ቀን በሚሆነው ዕድሜዋ እንደዚያው ትቆያለች። አንድ ሌሊት ባይውጡት ለውጥ የማያዩት በዚህ ምክንያት ነው።

አስፒሪኑን ለልብ ወይም ለስትሮክ ሐኪም አዝዞልዎት ቢሆን ኖሮ በራስዎ አያቁሙ እል ነበር። ለወገብ ከሆነ ግን ይተዉት፤ በዳይክሎፌናክም አይተኩት፣ እርሱም ፕላትሌትን ያዳክማል፣ ጨጓራንም ይጎዳል። ወገብዎን ለሐኪም አሳይተው የሚስማማዎትን ማስታገሻ ይጠይቁ፤ በዚያው የፕላትሌት ቁጥር የሚታይበትን የሙሉ ደም ምርመራ ያሠሩ። ድድዎ ወይም አፍንጫዎ ከደማ፣ ቆዳዎ ላይ ምክንያት የሌለው ሰማያዊ ምልክት ከወጣ፣ ወይም ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ቀጠሮ አይጠብቁ።

ሲቆረጡ ቁስሉን በንጹሕ ውኃና ሳሙና ያጥቡት፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ 10 ደቂቃ ሙሉ ይጫኑት፤ ቆመ አልቆመም እያሉ በየመሐሉ አይክፈቱት። የቴታነስ ክትባትዎ ጊዜው አልፎ እንደሆነም ለምርመራ በሄዱበት ይጠይቁ።